ፈርን ለመግዛት እስከ ሰበታ መሄድ ያዋጣል?

ያዋጣል። መልሱን ከፊት አስቀመጥኩት፤ ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻ ለማንበብ ጊዜ አይኖረውም። ጥላ የበዛበት በረንዳ ካላችሁ፣ ወይም ጓሯችሁን “ፀሐይ አያገኝም” ብላችሁ ባዶውን ትታችሁት ከሆነ፣ ይህ ችግኝ ቤት ለእናንተ ነው። ጉድለት አለበት። እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። ግን በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከማውቃቸው ችግኝ ቤቶች መካከል የአገራችንን የደን ፈርን ከደን ሳይነቅል፣ ከስፖሩ (ፈርን በዘር ፋንታ ከሚራባበት አቧራ መሰል ቅንጣት) ጀምሮ ራሱ የሚያሳድግ ሌላ አላየሁም። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን አለም ገና አካባቢ ነው። የዕፅዋት ምደባ ስናስተምር ፈርን ላይ ስደርስ ሁሌ ሰሌዳ ላይ እስል ነበር። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። “አበባ የለውም፣ ዘር የለውም፣ በስፖር ይራባል” ብለው ይሸመድዳሉ፤ ፈተና ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይረሱታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ወጨጫ ተራራ ቅርባችን መሆኑ ነው። በተራራው ጎን ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ፈርን በመሬቱም፣ በድንጋዩም፣ በዛፉ ግንድም ላይ ይበቅላል። ልጆቹ ተራራውን በየቀኑ እያዩ ተክሉን የሚያውቁት በጠመኔ ሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚዳሰስ፣ ቅጠሉ ተገልብጦ የሚታይ ፈርን ፈለግሁ።

የከተማችን አበባ ሻጮች ፈርን ሲባሉ ብዙውን ጊዜ የሚያወጡት አንድ ዓይነት ነው። ረጃጅም ቅጠሉ ከቫዞው ዙሪያውን የሚንጠለጠለው፣ ሆቴል መግቢያና ሳሎን ጥግ የምታዩት። ኔፍሮሌፒስ ይባላል። በጣም የታወቀው የቤት ዝርያ ቦስተን ፈርን ነው፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ከፊላደልፊያ ወደ ቦስተን በተላከ የተክል ጭነት ውስጥ ተለይቶ እንደተገኘ ይነገርለታል። ቆንጆ ተክል ነው። ግን የሱባ ደን ፈርን አይደለም። እኔ የምፈልገው ልጆቼ ነገ ደን ቢገቡ “ይሄንን እኮ እናውቀዋለን” የሚሉትን ነበር።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከአየር ጤና የሰበታ ሚኒባስ ያዙ። ሰበታ ከተማ ትወርዳላችሁ። አሁን ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ የታክሲው ረዳት ግን ያው “ሰበታ! ሰበታ!” ነው የሚለው። ከዚያ ወደ ሱባ አቅጣጫ የሚወጣ ባጃጅ ጠይቁ። “ችግኝ የሚያፈሉት ሽማግሌ ጋ” ካላችሁ ባጃጆቹ ያውቃሉ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከጀመረ በኋላ በቆርቆሮ በር የተዘጋ ሰፊ ግቢ አለ። ታፔላ የለውም። ስምም የለውም። በሩን አንኳኩ፤ ውሻው ይጮሃል እንጂ ታስሯል።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሠራተኛውም ደንበኛውም “ጋሼ” ይላቸዋል። እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ብዙ ዘመናቸውን የደን ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጥድና ዝግባ ሲያፈሉ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ በግቢያቸው ጀመሩ። ከሠራተኞቻቸው ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ከተክሎቹ ጋር ሲሆኑ ግን ዝም ይላሉ። ሻጭ አይመስሉም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን ልገዛ እንደመጣሁ አልነበረም።

“ልጄ፣ የት ነው የምታስቀምጪው?” አሉኝ።

ክፍል ውስጥና ጓሮ እንደሆነ ነገርኳቸው።

“ፀሐይ በየትኛው ሰዓት ይገባል?”

ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት ምንም።

“ውሃችሁ የቧንቧ ነው የጉድጓድ?”

እስካሁን ተክል ስገዛ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሌላው ቦታ ዋጋ ይነገራችኋል፣ ትከራከራላችሁ፣ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ አበቃ። ጋሼ ግን ቦታውን ሳያውቁ አይሸጡም። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ለሚመታው ሰገነቷ ፈርን ፈልጋ መጥታ “ለዚያ ቦታ ይሄ አይሆንሽም፣ ጀራንየም ውሰጂ” ብለው ሲመልሷት በዓይኔ አይቻለሁ። ጀራንየሙ ደግሞ ዋጋው የፈርኑ ሩብ አይሆንም።

የግቢው ፊት እንደማንኛውም ችግኝ ቤት ነው፦ ጽጌረዳ፣ ቡገንቪላ፣ የጥድ አጥር፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተሞላ የአቮካዶና የሎሚ ችግኝ። ፈርኖቹ ከኋላ ናቸው። ግቢው ወደ ወንዙ ሲወርድ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ጥቁር የጥላ መረብ የተወጠረበት ዳስ አለ። ወለሉ ጠጠር ነው። ጠዋትና ማታ ጠጠሩ ላይ ውሃ ይረጫል፤ ተክሉ ላይ አይደለም። ውሃው ቀስ ብሎ እየተነነ አየሩን ያረጥበዋል። ከፊተኛው ግቢ ወደዚያ ስትገቡ ቆዳችሁ ላይ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ይህን ነገር ለቤታችሁም መቅዳት ትችላላችሁ፤ ቫዞውን ውሃና ጠጠር ያለበት ሰፊ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው እዚያ ያለው አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም ነው። ጋሼ “የዛፉ ፈርን” ይሉታል። በደጋ ደኖቻችን ውስጥ ከሚገኙት ፈርኖች አንዱ ነው። ከኢትዮጵያም አልፎ በአፍሪካ በስፋት ይበቅላል። ግንዱ አጭር ነው፤ ከአፈሩ ብዙም አይወጣም፤ በጥቁር ቡናማ ቅርፊት መሰል ፀጉር ተሸፍኗል። የቅጠሉ አገዳ ጠቆር ያለና የሚያብረቀርቅ ነው። ቅጠሉ ግራና ቀኝ ይከፋፈላል፤ ክፍልፋዩም መልሶ ይከፋፈላል፤ የመጨረሻዎቹ ትናንሽ ክፍሎች ከሥራቸው ጠበብ፣ ከጫፋቸው ሰፋ ብለው ጥርስ ጥርስ ያወጣሉ። አዲስ ቅጠል ሲወጣ እንደ ቡሄ ጅራፍ ተጠቅልሎ ነው፤ ከዚያ ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይፈታል። ተማሪዎቼ በሳምንቱ መጀመሪያ ያዩት ጥቅልል በሳምንቱ መጨረሻ ተዘርግቶ ሲያገኙት ተገረሙ።

ቅጠሉን ስትገለብጡት ነው ዋናው ነገር ያለው። በጀርባው በቅጠሉ የደም ሥሮች ላይ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ታያላችሁ። ብዙ ሰው በሽታ ወይም ተባይ መስሎት ቅጠሉን ይቆርጠዋል፤ እባካችሁ አትቁረጡ። የስፖር ከረጢቶች ስብስብ ነው። አስፕሌኒየም የሚታወቀው በዚህ ረዘም ባለ መስመር ነው። ድራዮፕቴሪስ የሚባለው ሌላው የደን ፈርን ደግሞ ክብ ክብ፣ በኩላሊት ቅርጽ ክዳን የተሸፈነ ነጥብ አለው። አዲያንተም የሚባለው ሦስተኛው ፈርን የቅጠሉን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ ስፖሩን ከእጥፋቱ ሥር ይደብቃል። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንድ ተማሪ ያለ መጽሐፍ ለይቶ ሊነግራችሁ ይችላል። የእኔዎቹ ነግረውኛል።

የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አሮጌ ነው፤ ግን ለዚህ በቂ ነው። የበሰለ ቅጠል ቁራጭ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገን አምፖል አበራንበት። እያንዳንዷ የስፖር ከረጢት ዙሪያዋን ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሴሎች ረድፍ አላት። ሴሎቹ ሲደርቁ ረድፉ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከረጢቷ ትቀደዳለች፤ ከዚያ ረድፉ በድንገት ተመልሶ ስፖሩን ያስፈነጥረዋል። ልጆቹ በዓይናቸው አዩት። አንዷ ተማሪ ጮኸች፤ ሌሎቹም ለማየት ተጋፉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ “ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ አቧራ ለምን ፈርን አይሆንም?” ብሎ ጠየቀኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማሳየትም ጋሼ ጋ ተመለስኩ።

ጋሼ ስፖር የሚዘሩት በሃይላንድ ነው። የውሃ ሃይላንዱን ወገቡ ላይ ይቆርጡታል። የታችኛው ግማሽ ውስጥ በደንብ የተነፋ አፈርና አሸዋ ያደርጋሉ። ከዚያ የፈላ ውሃ ያፈሱበታል፤ የአረምና የሻጋታ ዘር እንዲሞት። ሲቀዘቅዝ ስፖሩን በላዩ ይበትናሉ። አፈር አያለብሱትም። የላይኛውን ግማሽ ክዳን አድርገው መልሰው ይገጥሙታል። ስፖሩን የሚያገኙት ደግሞ የበሰለ ቅጠል ቆርጠው ነጭ ወረቀት ላይ ጀርባውን ወደታች አስተኝተው ነው። ንፋስ በሌለበት አንድ ሁለት ቀን ካደረ ወረቀቱ ላይ የቅጠሉን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ዱቄት ይቀራል።

“ከዚያስ?” ስላቸው፣

“ከዚያማ መርሳት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚከፍተው ሰው አያገኝም” አሉኝ።

ከሳምንታት በኋላ አፈሩ አረንጓዴ ይሆናል። የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ወይም አልጌ ይመስላል። ቀርባችሁ ስታዩት ከትንሿ ጣት ጥፍር ያነሱ፣ ልብ ቅርጽ ያላቸው ስስ ቅጠሎች ናቸው። እነዚህ ገና ፈርን አይደሉም። የወንዴና የሴቴ ሴሎቹ የሚፈጠሩት እዚህ ላይ ነው። የወንዴው ሴል ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ስስ የውሃ ሽፋን ከሌለ አይገናኙም፤ ካልተገናኙ ፈርን የለም። የልጁ ጥያቄ መልስ ይሄ ነው። ስፖሩ በሚሊዮን ይበተናል፤ የሚያድገው ግን ያ ሁሉ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ በቆየበት ቦታ የወደቀው ብቻ ነው። ጋሼ ሃይላንዱን የሚዘጉት ለዚህ ነው። እውነተኛዋ ትንሽ ፈርን ከዚያ ልብ ቅርጽ ላይ ብቅ እስክትል ወራት ይፈጃል፤ ለሽያጭ እስክትደርስ ደግሞ ከዓመት በላይ።

ስለዚህ ዋጋው ሲነገራችሁ አትደንግጡ። መካከለኛውን አስፕሌኒየም በ400 ብር ነው የወሰድኩት። ትልቁ 700 ይላል። አዲያንተም በ350። ከከተማው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ አይደለም። ግን የምትከፍሉት ለዓመት ተኩል ሥራ ነው፤ እሱን ካየሁ በኋላ ዋጋ ለመከራከር አፌን አልከፈትኩም።

ጋሼ የነገሩኝ አቀማመጥ ልክ መሆኑን ለማየት ሱባ ደን ገባሁ። ከገዛችሁ በኋላ እናንተም ግቡ፤ መንገዱ ያው ነው። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚህ ያስተከሉት። ዛሬ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ጥቁር እንጨቱ ተቀላቅሎ ቆሟል፤ ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ኮሶና አስታ ይመጣል። የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ጉሬዛ ከላያችሁ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይዘላል።

ፈርን ግን ደኑ ውስጥ ገብታችሁ እንደቆማችሁ አይታይም። መፈለግ ያስፈልጋል። ጥዱ ብቻውን በቆመበት ደረቅ ተዳፋት ላይ እምብዛም የለም። ወደ ጅረት የሚወርድ ገደል ስታገኙ ዝቅ በሉ። ድራዮፕቴሪሱ እዚያ፣ የበሰበሰ ቅጠል ከተከማቸበት ሥር ጉልበት ድረስ ቆሞ ታገኙታላችሁ። አዲያንተሙ ውሃ ከሚያንጠባጥብ ድንጋይ ላይ ነው። የዛፉ ፈርን ደግሞ ያረጀ ወይራ ላይ አለ፤ ግንዱ ተጣሞ ሽበት የለበሰው ወይራ። ሽበቱ ውሃ ይይዝለታል። ከዛፉ ግን ምግብ አይወስድም፤ ተቀምጦበታል እንጂ አይመጠውም። ይህን አስምሬ የምጽፈው “ዛፉን ያደርቀዋል” ብሎ ከአጥሩ ዛፍ ላይ ፈርን የሚፍቅ ሰው ስለማውቅ ነው።

እዚያው ወይራ ላይ ሌላም አለ። ፕሌኦፔልቲስ የሚባል ቅጠሉ ያልተከፋፈለ፣ ጠባብና ጠንካራ ፈርን ነው። በበጋ ተሸብሽቦ ይጠቀለላል። የሞተ ይመስላል። ዝናብ ሲያገኝ ይዘረጋል። ፀሐይ በሚመታው ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ኪላንተስ አለ፤ የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው። እሱም ድርቅን በመጠቅለል ያልፋል። ፈርን ሁሉ ውሃ ውስጥ መቆም ይወዳል የሚለው ወሬ ስህተት መሆኑን ያየሁት እዚህ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው፤ ጋሼም “የት ነው የምታስቀምጪው?” ያሉኝ ለዚህ ነው።

ደኑ ተመንጥሮ ወይም ተቃጥሎ በተገለጠበት ቦታ ወገብ የሚደርስ፣ ሻካራ ቅጠል ያለው ሌላ ፈርን በብዛት ታዩ ይሆናል። ፕቴሪዲየም ነው። እሱን ወደ ቤት አታምጡ። መርዛማ ነው፤ ከብት አብዝቶ ከበላው ይታመማል፣ ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገርም አለበት። ሥሩ መሬት ውስጥ እየሮጠ ግቢውን ይወርሳል።

ከሱባ ስወጣ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል ሥር ገብቼም አየሁ። በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ውለታው አይካድም። ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ ነው። የወደቀው ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ሽበት የለም፤ ፈርንም አላየሁም። እንጦጦን እየወጣችሁ ፈርን ካጣችሁ ምክንያቱ አንዱ ይህ ነው። በዚያ በኩል የምትኖሩ ከሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለላችሁ፤ የአገር በቀል ዕፅዋት ስብስቡን ለማየት ብቻ መሄድ ይገባል።

ቤት ውስጥ ያደረግሁት ከደኑ ያየሁትን መገልበጥ ነው። አፈሩ፦ በደንብ የበሰበሰ የቅጠል ኮምፖስት ሁለት እጅ፣ ቀይ አፈር አንድ እጅ፣ ሻካራ አሸዋ አንድ እጅ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ኮምፖስቱ ውስጥ አታስገቡ። ለዛፉ ፈርን የቫዞው ቀዳዳ እንዳይዘጋ ከታች ጠጠር አድርጉ፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ብርሃኑ፦ ጋዜጣ የምታነቡበት ያህል ብርሃን፣ ግን ቀጥታ ፀሐይ ያልሆነ። ጨለማ ኮሪደር አይሆንም። ጥላ ይወዳል ማለት ብርሃን አይፈልግም ማለት አይደለም። ውሃው፦ የዝናብ ውሃ ከጣሪያ በጀሪካን ካጠራቀማችሁ ከሁሉም ይሻላል። የጉድጓድ ውሃችን ጨው ስላለበት የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል። ጋሼ ስለ ውሃው የጠየቁኝ ለዚህ ነበር። ስታጠጡ አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን መሐል ላይ አታፍስሱ፤ ዳር ዳሩን።

በጋ ላይ፣ በተለይ ታኅሣሥና ጥር፣ ቀኑ ደረቅና ነፋሻ ሌሊቱ ብርድ ስለሚሆን የአንዳንድ ቅጠሎች ጠርዝ ቡናማ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ያለውም ሆነ ጓሮ ያለው የእኔ ፈርን ይህን በጋ አልፏል። ጓሮ ያለው ይበልጣል። የጠወለገውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጣችሁ እዚያው ቫዞው ላይ ጣሉት፤ ደኑም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው።

አሁን ስለ ሌላኛው ገበያ ልናገር፤ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር አገር በቀል ፈርን የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ዋጋው ግማሽ ነው። ከደን ተነቅሎ የመጣ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከአንዱ ሻጭ ሁለት ገዝታ በወሩ ሁለቱም ደረቁ። መለየት ከባድ አይደለም። ሥሩ ቫዞውን አልሞላም፤ ተክሉን ያዝ አድርጋችሁ ስታነቃንቁት ይነቃነቃል። አፈሩ ላይ የተቀደደ ሽበትና የዛፍ ቅርፊት አለ። ትላልቆቹ ቅጠሎች ተቆርጠው መሐሉ ብቻ ቀርቷል። አዲስ ጥቅልል የለውም። እንዲህ ያለውን አትግዙ። ያ ተክል ያረጀ ወይራ ላይ ለዓመታት ያደገ ነው፤ ሽበቱ ከነፈርኑ ሲላጥ ግንዱ ራቁቱን ይቀራል፤ ስፖር መልሶ እዚያ እንዲይዝ ደግሞ ሽበቱ አስቀድሞ ማደግ አለበት። የሻጮቹ ኑሮ ይገባኛል። ግን እነሱም በሃይላንድ ማፍላት ይችላሉ። ጋሼ ለጠየቃቸው ሁሉ ያሳያሉ፤ ምስጢር የላቸውም።

ወደ ችግኝ ቤቱ ጉድለት ልምጣ። የመጀመሪያው ስም ነው። አንዱም ቫዞ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ጋሼ በሌሉበት ቀን ከሄዳችሁ ሠራተኞቹ ሁሉንም “ፈርን” ብለው ይሰጧችኋል፤ አዲያንተም ፈልጋችሁ ፕቴሪስ የሚባለውን ሌላ ፈርን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሁለቱ የሚፈልጉት እርጥበት አንድ አይደለም። ተማሪዎቼ በካርቶን ስም እየጻፉ ሊለጥፉላቸው ተስማምተናል፤ ጋሼም ደስ ብሏቸዋል፤ እስካሁን ግን ግማሹ እንኳ አልተለጠፈም።

ሁለተኛው የሚሸጡበት አፈር ነው። ለጽጌረዳው የሚያዘጋጁትን ፍግ የበዛበት አፈር ለፈርኑም ይጠቀሙበታል። ዳሱ ውስጥ እያለ ችግር አያመጣም፤ ቤት ሲገባ ግን ይከብዳል፣ ውሃ ይይዛል፣ ትንኝም ያመጣል። ከገዛችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት አሳርፋችሁ አፈሩን ቀይሩ። ይህን ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ። “ፍግ የማይወድ ተክል የለም” አሉኝ። እዚህ ላይ አልተስማማንም።

ሦስተኛው መጓጓዣ ነው። ካርቶን የላቸውም። በጋዜጣ ጠቅልለው በጆንያ ይሰጧችኋል። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲጨናነቅ ቅጠሉ ይሰበራል። የራሳችሁን ጥልቅ ካርቶን ወይም ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ። ባልዲ ይሻላል፤ ቫዞው አይንሸራተትም።

አራተኛው ለእኔ ቢጤ ሰው ትልቅ ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ የለም። በትምህርት ቤት በጀት ልገዛ ፈልጌ ስላልተቻለ ከኪሴ ከፈልኩ። መምህራን የምትሄዱ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ።

ክረምት ላይ ከኮረኮንቹ እስከ በሩ ያለው መንገድ ጭቃ ነው። ቦቲ አድርጉ። ቢሆንም ምረጡ ብትሉኝ ክረምትን እመርጣለሁ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ቅጠል ስለሚወጣ ተክሉ ጤነኛ መሆኑን በዓይናችሁ ለይታችሁ ትገዛላችሁ፤ ቦታ የቀየረበትን ድንጋጤም ቶሎ ይረሳል። በበጋ የተገዛ ፈርን ከዳሱ እርጥበት ወጥቶ በቀጥታ ደረቅ ሳሎን ስለሚገባ ይቸገራል። እሑድ ጠዋት አትሂዱ፤ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ የሚከፈተው ከምሳ በኋላ ነው።

ከሃይላንዶቹ ውስጥ ባለፈው ዓመት የተዘሩት አዲያንተሞች መስከረም ላይ ወደ ቫዞ ይዛወራሉ ብለውኛል። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም። የምትፈልጉ ቀድማችሁ አስይዙ፤ ለክፍላችን የሚሆነውን እኔ አስይዣለሁ።